በድሉ ያዘነ ንጉሥ፤ የሕንዱ ንጉሠ ነገሥት የአሾካ የሕይወት ታሪክ

በዓለም ላይ አገር ያቀኑ፣ ጦር ያሸነፉና ስማቸውን በድንጋይ ያስቀረጹ ነገሥታት ቍጥራቸው እጅግ ብዙ ነው። የግብጽ ፈርዖኖችና የፋርስ ነገሥታት፣ የእኛም የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ሳይቀር፣ ያሸነፉትን ጠላት፣ የማረኩትን ሕዝብና የነዱትን ከብት እየቈጠሩ በድንጋይ ላይ ጽፈው ትተውልናል። እንዲህ ያለው ጽሕፈት ሁሉ የተጻፈው ድልን ለማብሠርና ድሉን ሰጠን የሚሉትን አምላክ ለማመስገን ነው። ነገር ግን ከዛሬ 2200 ዓመት በላይ ከሚሆን ጊዜ በፊት በሕንድ አገር የነገሠ አንድ ንጉሥ፣ በጦርነቱ ያለቀውን ሰው ቍጥር በድንጋይ ያስጻፈው ሊመካበት ሳይሆን ሊጸጸትበት ነው። ይህ ንጉሥ አሾካ ይባላል። የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪም፣ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅም የሚጠቅም ስለ መሰለኝ፣ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ በአጭሩ ላቀርበው አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

የአሾካ አያት ቻንድራጉፕታ ማውርያ ይባላል። ታላቁ እስክንድር እስከ ሕንድ አገር ድረስ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ዓመት ገደማ ቻንድራጉፕታ የናንዳን ነገሥታት ጥሎ የማውርያን ሥርወ መንግሥት አቆመ። ከእስክንድር የጦር አለቆች አንዱ የነበረውና በእስያ የነገሠው ሴሌውቆስ ሊወጋው መጥቶ ነበር፤ ሆኖም በመጨረሻ በስምምነት ተለያዩ። ሴሌውቆስ በስተምዕራብ ያሉትን ሰፊ አገሮች ለቻንድራጉፕታ ሲለቅለት፣ በምላሹ 500 የጦር ዝሆኖች ተቀበለ። ሜጋስቴኔስ የተባለ የግሪክ መልእክተኛም በቻንድራጉፕታ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ስላየው ሁሉ ጻፈ። በጋንጀስ ወንዝ ዳር የነበረችው ዋና ከተማ ፓታሊፑትራ በእንጨት ቅጥር የታጠረች፣ 64 በሮችና 570 ግንቦች የነበሯት ታላቅ ከተማ እንደ ነበረች የምናውቀው ከእርሱ ጽሕፈት ነው። ዛሬ ይህች ከተማ ፓትና ትባላለች። ከቻንድራጉፕታ በኋላ ልጁ ቢንዱሳራ ነገሠ፤ አሾካም የቢንዱሳራ ልጅ ነው።

አሾካ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ304 ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ስለ ወጣትነቱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የቡድሃ መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የጻፉት አፈ ታሪክ ነው። እንደ እነርሱ አነጋገር አሾካ መልኩ የማያምር፣ አባቱም የማይወደው ልጅ ነበር፤ በታክሲላና በኡጃይን አገረ ገዥ ሆኖ ሠራ፤ አባቱ በሞተ ጊዜም ዙፋኑን ለመያዝ ሲል 99 ወንድሞቹን አስገደለ። ይህን ነገር ሙሉ በሙሉ ለማመን ያስቸግራል። ምክንያቱም አሾካ ራሱ ከነገሠ ከብዙ ዓመት በኋላ ባስጻፈው ጽሕፈት ላይ የወንድሞቹንና የእኅቶቹን ቤተ ሰዎች ያነሣል። መነኮሳቱ ኋላ ያገኘውን ደግነት አጉልተው ለማሳየት የቀድሞውን ክፋቱን ሳያበዙት አልቀሩም። የሆነ ሆኖ መንግሥቱን የያዘው በሰላም አልነበረም ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ268 ዓመት ገደማም በፓታሊፑትራ ነገሠ።

አሾካ በነገሠ በስምንተኛው ዓመት ካሊንጋን ለመውጋት ተነሣ። ካሊንጋ በሕንድ ምሥራቃዊ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ ዛሬ በአብዛኛው የኦዲሻ ክፍለ ሀገር የሆነች አገር ናት። ሕዝቧ ለማውርያ ነገሥታት ሳይገዛ የኖረ ነበር። የማውርያ መንግሥት በሰሜንና በምዕራብ ያለውን አገር ሁሉ ሲጠቀልል፣ ካሊንጋ ብቻ በጐኑ እንደ ቆመች ቀርታ ነበር። አሾካም ይህችን አገር በብርቱ ጦርነት ድል አደረገ። እርሱ ራሱ ባስጻፈው መሠረት 100000 ሰው በውጊያ ላይ ሞተ፤ 150000 ሰው ተማርኮ ከአገሩ ተጋዘ፤ የዚያም ብዙ እጥፍ የሚሆን ሕዝብ ከጦርነቱ በኋላ አለቀ። እንዲህ ያለውን ቍጥር ሌላ ንጉሥ ቢጽፈው ኖሮ ከድል መዝሙር ጋር ይጽፈው ነበር።

አሾካ ግን አዘነ። በዓለት ላይ ካስቀረጻቸው አሥራ አራት ታላላቅ አዋጆች በአሥራ ሦስተኛው ውስጥ ስለ ካሊንጋ ያደረበትን ጸጸት በግልጽ ነግሮናል። ከሁሉ ይልቅ የከበደው የወታደሮቹ ሞት ብቻ አልነበረም። በዚያች አገር ወላጆቻቸውን የሚያከብሩ፣ ለመምህራኖቻቸው የሚታዘዙ፣ ለወዳጅና ለአገልጋይ የሚራሩ ደጋግ ሰዎች ይኖሩ ነበርና፣ እነዚህ ሰዎች መቍሰላቸው፣ መሞታቸውና ከሚወዱት መለየታቸው አሳዘነው። ራሳቸው ጉዳት ያልደረሰባቸው እንኳ ወዳጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ስለ ተጐዱ ኀዘኑ ለእነርሱም እንደ ተረፈ አስተዋለ። በካሊንጋ ከሞተውና ከተማረከው ሰው የመቶኛው ወይም የሺኛው ክፍል ብቻ ዛሬ እንደዚያ ያለ መከራ ቢደርስበት ለእርሱ ከባድ ኀዘን እንደሚሆን ገለጸ። ከዚያም ወዲያ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አዲስ ድል እንዳይመኙ፣ ከሰይፍ ድልም የጽድቅን ድል እንዲመርጡ አሳሰባቸው።

ይህ ለውጥ በአንድ ሌሊት የመጣ እንዳይመስለን። አሾካ የቡድሃን ትምህርት ተቀብሎ ምእመን ከሆነ በኋላ እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ለሚሆን ጊዜ ትጋቱ ደካማ እንደ ነበረ ራሱ በሌላ ጽሕፈት ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ወደ መነኮሳቱ ቀርቦ በትጋት መማር ጀመረ። እንዲህ ያለ ታላቅ ንጉሥ ድካሙን በአደባባይ ማስጻፉ የሚያስገርም ነው። እኛ ተማሪዎች አንድ መጥፎ ልማድ ለመተው ቈርጠን ተነሥተን በሳምንቱ ስንመለስበት ተስፋ እንቈርጣለን፤ አሾካ ግን ዓመት ሙሉ ከደከመም በኋላ አልተወውም።

አሾካ ትእዛዙን ዳማ ብሎ በሚጠራው ሐሳብ ላይ መሠረተ። ዳማ ማለት ሰው ምንም ዓይነት ሃይማኖት ቢኖረው ሊጠብቀው የሚገባ ቀና ኑሮ ማለት ነው። ለአባትና ለእናት መታዘዝ፣ ሽማግሌን ማክበር፣ ለአገልጋይና ለድኻ ማዘን፣ እውነት መናገር፣ ነፍስ ካለው ነገር ላይ እጅን መሰብሰብ የዳማ ሥራዎች ናቸው። አሾካ ይህንን በመናገር ብቻ አልቀረም፤ በሥራም ለማሳየት ጣረ። ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና እንዲደረግ አዘዘ፤ መድኃኒት የሚሆኑ ዕፀዋት በሌሉበት አገር ከሌላ ቦታ እየመጡ እንዲተከሉ አደረገ። በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ቀድሞ በየቀኑ እጅግ ብዙ እንስሳ ይታረድ የነበረውን አስቀርቶ፣ በቀን ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ እንዲሆን አዘዘ፤ አጋዘኑም ዘወትር አይታረድም ነበር፤ ኋላም ይህም ቢሆን እንደሚቀር አስታወቀ።

እኛ በሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የምንኖር ሰዎች መንገደኛ ምን እንደሚያስፈልገው ጠንቅቀን እናውቃለን። ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ሲወርድ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚጠጣው ውሃ፣ የሚያርፍበት ጥላና የሚያድርበት ቤት ነው። አሾካም ይህንኑ አሰበ። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ባንያን የተባለውን ዛፍ አስተከለ፤ ይህ ዛፍ የእኛ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ በሐይቃችን ዳር ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ያረፈ ሰው ጥላው ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቀዋል። የማንጎ አትክልትም አስተከለ፤ በየመንገዱ የውሃ ጕድጓድ አስቈፈረ፤ የመንገደኛ ማረፊያ ቤቶችም አሠራ። እንዲህ ያለውን በጎ ሥራ ከእርሱ በፊት የነበሩ ነገሥታትም አድርገውት እንደ ነበረ ሳይደብቅ ጽፎ፣ እርሱ ያደረገው ግን ሕዝቡ አይቶት ወደ በጎ ኑሮ እንዲሳብ መሆኑን ገለጸ።

የመንግሥቱንም አሠራር ለማሻሻል ደከመ። የሕዝብ ጕዳይ የሚያመጡ ሰዎች እርሱ በማዕድ ላይም ቢሆን፣ በእልፍኙም ቢሆን፣ በአትክልት ቦታውም ቢሆን በማናቸውም ሰዓት እንዲገቡለት አዘዘ። በነገሠ በአሥራ አራተኛው ዓመት ስለ ዳማ የሚያስተምሩና የድኾችን፣ የሽማግሎችንና የእስረኞችን ጕዳይ የሚመለከቱ ሹማምንት ሾመ። የሞት ፍርድ የተፈረደባቸውም ዘመዶቻቸው ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ ወይም ራሳቸው ለነፍሳቸው እንዲዘጋጁ የሦስት ቀን ጊዜ እንዲሰጣቸው አደረገ።

ስለ ሃይማኖት የነበረው አስተያየትም ሊታወስ የሚገባው ነው። እርሱ ራሱ የቡድሃ ተከታይ ሲሆን፣ ሌሎቹን ሃይማኖቶች ሁሉ አከበረ፤ ስጦታም ሰጣቸው። የራሱን ሃይማኖት ለማስከበር ሲል የሌላውን የሚነቅፍ ሰው፣ በእውነቱ የራሱን ሃይማኖት ይጐዳል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሰዎች አንደበታቸውን እንዲገቱና አንዱ የሌላውን ትምህርት እንዲሰማ መከረ። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተቀምጦ በሚማርበት አገራችን ይህ ምክር ባዕድ አይደለም።

አሾካ አዋጆቹን ያስጻፈው ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋና ፊደል ነው። በአብዛኛው የሕንድ አገር ብራህሚ በተባለው ፊደል፣ በሰሜን ምዕራብ ካሮሽቲ በተባለው ፊደል፣ ዛሬ በአፍጋኒስታን ባለችው በካንዳሃር ደግሞ በግሪክና በአረማይክ ቋንቋ አስቀረጸ። ንጉሥ ዒዛናም ከእርሱ 600 ዓመት ያህል በኋላ በአክሱም በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ማስጻፉን ስናስብ፣ ሁለቱም ቃላቸው ለብዙ ወገን እንዲሰማ መፈለጋቸውን እንረዳለን። አሾካ በዘመኑ የነበሩትን የግሪክ ነገሥታት አምስቱን በስም ጠቅሶ የዳማን ቃል እንደላከላቸው ጽፏል። ከእነርሱ አንዱ የግብጹ በጥሊሞስ ሁለተኛ ነው። ያ በጥሊሞስ ለጦርነት የሚሆን ዝሆን ፍለጋ ሰዎቹን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ እኛ ጎረቤት ይልክ የነበረው ንጉሥ ነው። ወደ ስሪ ላንካም ልጁን ማሂንዳን እንደላከ፣ ልጁ ሳንጋሚታም ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦበታል ከሚባለው ዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ እንደ ሄደች የዚያ አገር መጻሕፍት ይተርካሉ። ከዚያ ቅርንጫፍ በቅሏል የሚባለው ዛፍ በአኑራድሃፑራ ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ በክብር ይጠበቃል።

ይሁን እንጂ የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በጎውን ብቻ ለይቶ መጻፍ አይገባውም። አሾካ በካሊንጋ ላይ ስላደረገው ነገር ቢጸጸትም ካሊንጋን አልለቀቀም። ተማርከው የተጋዙት 150000 ሰዎች ወደ አገራቸው ስለ መመለሳቸው በጽሕፈቶቹ ውስጥ አንድም ቃል አይገኝም። በጸጸቱ አዋጅ ውስጥ እንኳ በዱር የሚኖሩት ሕዝቦች ክፉ ቢሠሩ ለመቅጣት ኀይል እንዳለው አስጠንቅቋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ስለ ካሊንጋ መጸጸቱን የሚናገረው አዋጅ በሌላ አገር ባሉ ዓለቶች ላይ ሲቀረጽ፣ በካሊንጋ ምድር ባሉት በዳውሊና በጃውጋዳ ዓለቶች ላይ አልተቀረጸም። በምትኩ ለሹማምንቱ ሌላ ትእዛዝ ተጽፏል፤ ይኸውም ሰው ሁሉ እንደ ልጁ መሆኑን፣ ማንንም ያለ ምክንያት እንዳያስሩና እንዳያሠቃዩ የሚያዝዝ ነው። የታሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ይህን ያደረገው የቈሰለውን ሕዝብ ቍስል ላለመንካት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹም አመፅ እንዳይነሣ ፈርቶ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ይቅርታው ለሌላው ሁሉ ሲነገር ለተበደለው ሰው ሳይነገረው ቀረ።

አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ232 ዓመት ገደማ ሞተ። በመጨረሻ ዘመኑ ሀብቱን ሁሉ ለመነኮሳት ስለ ሰጠ ሹማምንቱ ግምጃ ቤቱን እንደ ዘጉበት፣ እርሱም የቀረችውን ግማሽ ፍሬ እንኳ እንደ መጸወተ የሚተርክ አፈ ታሪክ አለ። ከእርሱ ሞት በኋላ መንግሥቱ እየደከመ ሄደ፤ በ185 ዓመት ገደማም የመጨረሻው የማውርያ ንጉሥ በገዛ የጦር አለቃው እጅ ተገደለ። ያን ፊደል የሚያነብ ሰው ከጊዜ በኋላ ስለ ጠፋ ዓለቶቹና ሐውልቶቹ ምን እንደሚናገሩ የሚያውቅ አልነበረም። በ1837 ዓመት እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሪንሴፕ የብራህሚን ፊደል ለማንበብ ቻለ። በጽሕፈቶቹ ላይ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ፒያዳሲ የሚል የማዕርግ ስም ነበርና፣ ይህ ሰው አሾካ መሆኑን ያለ ጥርጥር ያረጋገጠው በ1915 ዓመት በማስኪ የተገኘው ስሙን የያዘ ጽሕፈት ነው። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ አሾካ በሳርናት ባቆመው ዓምድ ራስ ላይ ያሉት አራት አንበሶች በ1950 ዓመት የአገሪቱ መንግሥት ዓርማ ሆኑ፤ በሰንደቅ ዓላማዋ መካከል ያለው 24 ዘንግ ያለው መንኰራኵርም ከእርሱ ዓምድ የተወሰደ ነው።

አንባቢ የሕንድ ነገሥታት ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ይል ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ አገሮች ከጥንት ጀምሮ በባሕር ንግድ ይገናኙ ነበር። ከማውርያ ብዙ ዘመን በኋላ በሰሜን ሕንድ የገዙት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ከመቶ በላይ ሆነው በደብረ ዳሞ ገዳም በ1940 ዓመት ተገኝተዋል። በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ከሕንድ የመጡ ብዙ መምህራን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበርና፣ ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከእነርሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የአሾካ ታሪክ የሚያስተምረን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የበደለ ሰው በደሉን ቈጥሮ በገዛ አፉ መናገር የሚችል መሆኑን ነው። ያን ጊዜ ማንም የሚከሰው፣ ማንም የሚፈርድበት አልነበረም፤ ዝም ቢል ኖሮ እኛ ስለ ካሊንጋ ሙታን ምንም አናውቅም ነበር። ሁለተኛው ደግሞ እርሱ ሳይፈጽመው የቀረው ነው፤ ይኸውም ጸጸት የሚሞላው ለተበደለው ሰው ፊት ለፊት ሲነገርና የተወሰደው ሲመለስ መሆኑ ነው። በአገራችን ሽማግሎች ዕርቅ ሲያወርዱ በዳይና ተበዳይን በአንድነት የሚያስቀምጡት፣ ካሳም የሚያስከፍሉት ስለዚህ ነው። በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ከጓደኛችን ጋር ስንጣላ፣ በቤታችንም እኅትና ወንድማችንን ስናሳዝን፣ ጸጸታችንን ለሌላ ሰው ነግረን ዝም እንዳንል ይህ ታሪክ ያሳስበን። የአሾካን የመጀመሪያ እርምጃ እንከተል፤ እርሱ ያልረገጠውንም ሁለተኛውን እርምጃ እንጨምርበት።